አሮጌው ይላክልኝ

በሬ ፎቶ ተነሥቶ መሸጥ በጀመረበት ዓመት፣ ነገሌ ውስጥ የአንድ የከብት ነጋዴዎች ማኅበር ኮምፒውተር በእኔ እጅ ነበር። የጭነት ወረቀት የሚያትመው ፕሮግራም የተጻፈው ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በአሮጌው ዓይነት ነው። የጻፈው ሰው ከተማውን ለቋል፤ አዲሱን ፓይተን ስንጭንበት ደግሞ ፕሮግራሙ አይከፈትም። ገዢዎች ወረቀቱ ላይ የበሬው ፎቶ ይውጣ ሲሉ፣ ምላሴ ፈጣን ነውና፣ ፎቶ የሚያስገባ ሞጁል፣ ማለትም ትንሽ ተቀጥላ ፕሮግራም፣ መጨመር ብቻ ነው፣ ቀላል ነው አልኩ።

ከአባላቱ አንድ ሽማግሌ ቃሌን አምነው በሬዎቻቸውን ከሊበን ገጠር ነድተው መጡ። ገዢው በገበያ ቀን ይደርሳል፤ ፎቶ የሌለውን አይጭንም። በሬዎቹ ከተማ ውስጥ ቆመው ይከሳሉ። ሽማግሌው በየጠዋቱ ብቅ ብለው «አካም? ናጋ?» ይሉና የቤተሰቤን የጎረቤቴን ደኅንነት ጠይቀው ሲጨርሱ፣ ኮምፒውተሩን በከዘራቸው እያመለከቱ «እሱስ ተሻለው?» ይሉኝ ነበር። በሰቀቀን አለቅኩ።

ኔትወርካችን ሞጁሉን ግማሽ አድርሶ ይቋረጣል። ስለዚህ ሐዋሳ ያለውን የአክስቴን ልጅ፣ ለአሮጌው ፓይተን የሚስማማውን አሮጌ ሞጁል በፍላሽ እንዲልክልኝ ለመንኩት። በሚኒባስ ሾፌር እጅ ላከልኝ። ልጭነው ስል አዲሱ ሆኖ ተገኘ፤ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። ደውዬ አስረዳሁት። አሁንም አዲሱን ላከ።

«ለዘመድ አሮጌ ይላካል እንዴ? ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ።

እልህ ያዘኝ። የእሱን መላ ግን አውቅበታለሁ። ዶሎ ኦዶ ያለ አንድ ባለሙያ፣ አሮጌውን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ሐዋሳ ውስጥ የለም ብሏል አልኩት። ባለሙያውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በማግሥቱ አሮጌው ሞጁል፣ ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ሌሎች አሮጌ ሞጁሎች ሁሉ አስከትሎ መጣ። የገበያው ቀን ጠዋት የቀዩ በሬ ፎቶ ከወረቀቱ ጋር ታትሞ ወጣ። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና «ከሳ» አሉ። የሆነው ሆኖ ገዢው ሁሉንም ጫነ።

ለበዓል የአክስቴ ልጅ ሊጠይቀን መጣ። ለእናቴ አዲስ ነጠላ፣ ለእኔ የራሱን አሮጌ ኮት ይዟል።

«አንተ አሮጌ ትወድ የለ?» አለኝ ሳይስቅ።

ተናደድኩ። ላሳፍረው ብዬ ሰው ፊት ለበስኩት። እሱ ሳይወፍር፣ ቀጭን ሳለ ያሰፋው ኖሮ ልክክ አለብኝ። አሁን የሚለብሰውን አዲሱን ቢያመጣልኝ ይሰፋኝ ነበር።