ወንድ ብቻ ያለበት ኩሬ

የመጀመሪያ ቀን ሥራ የገባሁት ጥቅል የዶሮ ሽቦ ተሸክሜ ነው። ጎረቤቴ «ሚዛን ከተማ ያለው የጫጩት ማባዣ ሠራተኛ ይፈልጋል» ብሎኝ፣ ዶሮ ማርባቴን አምኜ ተመዘገብኩ። ሽቦው ለጭልፊት መከላከያ ነበር። ባለሙያዋ ሰናይት ጥቅሉን አይታ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ የእኛ ጫጩቶች እንኳን ሊበሩ አይራመዱም» አለችኝና ወደ ኩሬው ወሰደችኝ። ለካ የዓሣ ልጅም ጫጩት ይባላል።

ሽቦው ግን አልተጣለም። ዓሣ የሚለቅም ወፍ አስቸግሮ ስለነበር ከኩሬው በላይ ዘረጋነው። ሰዉም አርቆ አሳቢ አለኝ፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ጥቂት ቆይቶ ልምድ ተለዋወጡ ተብለን ሩቅ ወዳለ ትልቅ ማባዣ ተላክን። የምንለውጠው ልምድ ስላልነበረን ቡና ይዘን ሄድን። ቡናውን ተቀብለው ሥራቸውን አሳዩን።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። እስኪፈለፈል ድረስ እህል አትቀምስም። ሠራተኛው በእርጥብ እጁ ይይዛትና አፏን ቀስ አድርጎ ከፍቶ እንቁላሉን ሳፋ ላይ ያራግፋል። ከዚያ ውሃ ከሥር እየገፋ ወደሚያገላብጥበት ጠርሙስ ይጨምረዋል። «የእሷን ሥራ ነው የምንሠራው፤ እኛ ግን ምሳ እንወጣለን» አለኝ።

ጫጩቶቹ ጣት ሲያክሉ ገልብጦ ወንድና ሴት መለየትም እዚያው ተማርኩ። ከሆዷ በታች ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላት፣ ወንዱ ሁለት። ዓይኔ አልለይ ሲለኝ መነጽር አዋሱኝ። በመነጽሩ ሳይ ደግሞ ሁሉም ሴት ሆኑብኝ። ቀስ እያለ እጄ ለመደው።

ለገበሬ የምንሰጠው ወንዶቹን ብቻ ነበር። ወንዱ ቶሎ ይወፍራል። ሴት ከገባች ሲዋለዱ ኩሬው ይጨናነቅና መኖውን ይሻሙበታል።

ሸዋ ቤንች ወረዳ ያሉት ወይዘሮ ብርቄ ይህን ሊሰሙ አልፈለጉም። ሟች ባላቸው የተከሉትን ቡና ነቅለው፣ ልጆቻቸውን አስኮርፈው ነው ኩሬውን ያስቆፈሩት። ዓሣው ካልሆነላቸው ልጆቻቸውን የሚያዩበት ዓይን አልነበራቸውም።

«ሁሉም ወንድ? ወልዴ፣ ገዳም ልክፈት መቼ አልኩህ?»

«እትዬ፣ ለመብል ነው እንጂ ለዘር አይደለም።»

«የማይወልድ ከብት ከብት ይባላል?»

ከሌላ ሰው ኩሬ ሴት ዓሦች አስመጥተው ጨመሩ።

ዓሣው ተዋለደ። መኖ ሲበተን ውሃው እንደ ድስት ይፈላል። ጎረቤቱ አራስ እንደሚጠይቅ ሁሉ ይመላለስ ጀመር። ከዞን የመጡ እንግዶችም አጨብጭበው «ሞዴል አርሶ አደር» ብለው ሸለሟቸው። መረብ የጣለ ግን አልነበረም።

መረብ የጣለው ዓሣ ሊገዛ ከአማን ከተማ በረዶ ጭኖ የመጣው ባለ ምግብ ቤቱ ከድር ነው። ዓሣው መረቡን ሞልቶ ወጣ። ከመሃል ጣት የሚበልጥ ግን ጠፋ።

«እማማ ብርቄ፣» አለ ከድር፣ «ይኼ በማንኪያ የሚበላ ነው እንዴ?»

በረዶውን እንደጫነ ተመለሰ። የበኩር ልጃቸው ቡናው የነበረበትን ቦታ አየት አድርጎ፣ «ዘንድሮ ቡና ጥሩ ነው ይላሉ» አለ። ሁሉም ሲሄድ ወይዘሮ ብርቄ ወደ እኔ ዞረው፣ «በል እንዴት እንደሚለይ አሳየኝ» አሉ።

የኩሬውን ውሃ አጎደልን። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓሣውን እየገለበጡ ለዩ። «ወንድን እንዲህ መርምሬ አላውቅም» እያሉ አሳቁን። ጥቂት ወንዶች ብቻ ወደ ኩሬው መልሰው የቀረውን ለጎረቤት አደሉ። የተሰጠው ሁሉ መርቋቸው፣ ከበር ሲወጣ ከሰረች ብሎ አማቸው።

ከወራት በኋላ ከድር እንደገና ሲመጣ አንዱ ዓሣ ሳህን ሞላ። የወጣውን ሁሉ ገዝቶ፣ ለሚቀጥለውም ቃል አስገብቷቸው ሄደ። የበኩር ልጃቸው ጭነቱን ሲያግዝ ዋለና በማግስቱ ኩሬው ዳር ቡና ተከለ። እናቱ አልከለከሉትም፤ ጥላው ለዓሣው ደግ ነው አሉ።

ከዚህ ሥራ የያዝኩት ይህን ነው። ኩሬ የሚችለው ልክ አለው። ከልኩ ካለፈ ዓሣው ይበዛል እንጂ አያድግም።