ጅቡቲ ልንሄድ የመከርንበት ጥር

በጣሊያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ አገር የመልቀቅ ነገር የተመከረው ጥጥ እየተዳመጠ ነው። እኔና የባሌ እናት ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ጥጡን ድንጋይ ላይ አድርገን በመዳመጫው ብረት ፍሬውን እናወጣለን፤ ባሌ ምሰሶውን ተደግፎ ይሰማል። ጉዳዩ የራሱ ሆኖ ሳለ ከሦስታችን ትንሽ የሚናገረው እሱ ነበር። እኔ ባሌን አንቱ ማለት እምቢ ያልኩ ሴት ነኝ፤ ይህም በሰፈሩ ሲወራብኝ ኖሯል። ስለዚህ የምለውን ሁሉ ፊት ለፊት እለው ነበር፣ ከአንድ ነገር በቀር።

የባሌ ታናሽ ወንድም ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል። ሸዋ ሮቢት ላይ የነበረው የጣሊያን ምሽግ እሱን መያዝ ሲያቅተው ባሌን መጥራት ጀመረ። መጀመሪያ ጠይቀው ለቀቁት። ቀጥሎ አምስት ቀን አስረው፣ ገርፈው ለቀቁት። ሦስተኛው ላይ አስተርጓሚው፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ወንድምህን ካላመጣህ በእሱ ፈንታ አንተ ትሰቀላለህ አለው። ለማስፈራራት ብቻ የሚናገሩ ሰዎች አልነበሩም፤ ገበያው ዳር የተሰቀሉትን በዓይናችን አይተናል። እንደ ወንድሙ ጫካ እንዳይገባ፣ የገባ አባወራ ቤት ይቃጠላል፤ እናቱ ደግሞ ወገቧን ከታመመች ወዲህ ከደጅ አታልፍም። የቀረው ደብዛውን ማጥፋት ነው። ጣሊያን እጁ የማይደርስበት፣ በግመል መንገድ የሚገባበት አገር ጅቡቲ ነበር።

ጅቡቲ ጥሩ የሚሆንበትን ምክንያት የምደረድረው እኔ ነበርኩ። ወደቡ ላይ ጉልበት ላለው ሰው ሥራ እንደማይጠፋ ነጋዴዎች ያወራሉ። ሙቀቱ ይገድላል ይባላል፤ በሮቢ ወንዝ ዳር ማሽላ ሲጠብቅ ያደገን ሰው በሙቀት ማስፈራራት ግን ሞኝነት ነው። ባሌ ደግሞ ምክንያቶቼን አንድ በአንድ ያፈርሳል። መሬቱን ለዘመድ ሰጥተን ልንሄድ ነው፤ ዘመድ ሁለት ክረምት ያረሰውን መሬት እየሳቀ ሲመልስ አላየሁም ይላል። ቋንቋቸውን አናውቅም። ብንታመም ጠበል፣ ብንሞት መቃብር የት እንደሆነ አናውቅም። ከሁሉም በፊት ደግሞ ቢያንስ ሃያ ቀን በረሃ አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም በልቤ እየፈራሁ ነበር የምከራከረው።

አንድ ቀን የባሌ እናት ብረቱን አስቀመጠችና፣ «እኔን ከቁጥር አውጡኝ» አለች። «እናንተ በሄዳችሁ በሳምንቱ፣ ልጄ ጨው ሊያመጣ ወርዶ በንዳድ ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት ብዬ ለቅሶ እቀመጣለሁ። የሞተ ሰው ማንም አይፈልግም።»

«በቁሜ ልታለቅሺልኝ?» አላት።

«ሞተህ ከማለቅስ ሳትሞት ባለቅስልህ ይሻለኛል።»

መሄዳችን በዚያ ተቆረጠ። ለሕያው ማልቀስ ጥሩ ምልክት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ያንን የማለት መብት የነበራት እሷ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ ወስናለች።

ለባሌ ያልነገርኩት አንድ ነገር፣ ማርገዜን ነው፤ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ብነግረው እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ከቀረ ደግሞ ይሰቀላል። መቀነቴን ላላ አድርጌ፣ ነጠላዬን ደርቤ ዝም አልኩ።

የሚወስደን የግመል ቅፍለት መሪ የአማቼ፣ የባሌ አባት፣ የገበያ ወዳጅ የነበረ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነው። አማቼ በሕይወት ሳሉ ትምባሆ እየሰጡት ጨው ይወስዱ ነበር። ባሌ አሊዩ አምባ ገበያ ሄዶ አገኘው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው፤ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ የውሃውን፣ የዝናቡን፣ የታመመውን፣ የሞተውን ሁሉ ሳይደብቁ ይነጋገራሉ። በረሃው ውስጥ ሰው በሕይወት የሚያልፈው በዚህ ወሬ ስለሆነ፣ በዳጉ የዋሸ ሰው መንገድ አያገኝም። ባሌ ስለ ወንድሙም፣ ስለ ምሽጉም፣ ስለ ግርፋቱም ነገረው። ሽማግሌው ሁለት ሰው እወስዳለሁ አለ።

በጥር መጨረሻ ስንቃችንን ይዘን በቆላው በኩል ሁለት ቀን ተጓዝን። ግመሎቹ ከአሊዩ አምባ በታች ወንዝ ዳር ሰፍረው ይጫናሉ። የሽማግሌው ሚስት ውሃ የሞላ የቆዳ እርኮት አንሺልኝ ብላ በእጇ አመለከተችኝ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ አንድ እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ፤ ሳላስበው ነው። ሴትዮዋ አይታ አላለፈችኝም። ቀረብ ብላ ሳትጠይቀኝ ሆዴን ዳሰሰችና ወደ ባሏ ሄደች።

ሽማግሌው ባሌን ጠራው። «ዳጉህ ጎድሏል» አለው።

«ያየሁትን ሁሉ ነግሬሃለሁ።»

«ሚስትህን አላየሃትም።»

ባሌ ዞሮ አየኝ። አባት መሆኑን በግመል ጫኞች ፊት ከማያውቀው ሰው ሰማ፤ እስከ ዛሬ የማፍረው በዚህ ነው። ሽማግሌው አልተቆጣም። ዘንድሮ በመንገዱ ላይ ሁለት ጉድጓድ ደርቋል፤ ውሃ የጫንነው በሰው ቁጥር ነው፤ እሷ ከወደቀች ግመሉ ይቆማል፣ ግመሉ ከቆመ ሁላችንም እንቀራለን አለ። «አንተን እወስዳለሁ። እሷን አልወስድም።»

«መቼ ነው?» አለኝ ባሌ።

«ለሰኔ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትቀር ነበራ።» ከዚያ፣ «ሂድ» አልኩት።

በእኛ አገር ሰው ብላ ሲባል ወዲያው እጁን አይሰድም። ጠግቤአለሁ ይላል፤ በሞቴ ይባላል፤ እንደገና እምቢ ይላል፤ በሦስተኛው ይበላል። ያደግንበት ወግ ነው፤ ሂድ ማለትም፣ ውሰድ ማለትም በዚሁ ይሄዳል። እኔም «ሂድ» ስል የሚቀጥለውን አዘጋጅቼ ነበር። እንዴት ትቼሽ እሄዳለሁ ሲል፣ በሞቴ እለዋለሁ። እምቢ ሲል፣ በእናትህ እለዋለሁ። በመጨረሻ እያለቀሰ ይሄዳል። እንዲሄድ ፈልጌአለሁ፤ በዚህ አልዋሽም።

እሱ ግን «እሺ» አለ።

በመጀመሪያው ቃል፣ እሺ። ስንቁን ከፈለልኝ፣ ጭንቅላቴን ሳመኝ፣ ተነሥቶ ግመሎቹን ተከተለ። ተናደድኩ። ልክ አድርጓል፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ተናደድኩ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተመልሶ መጣና ሌሎች ልጆችም ወለድን፣ እስከ እርጅናም አብረን ኖርን። ስለዚያች እሺ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። አሁን ሞቷል፣ የእውነቱን።

ከገበያ ከሚመለሱ የአርጎባ ሴቶች ጋር ወደ ቤት ተመለስኩ። የባሌ እናት ብቻዬን ስታየኝ ደነገጠች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ሆዴ ስነግራት ግን አልገረማትም።

«ከገና ጀምሮ አውቃለሁ። ጎመን ሲሸትሽ ከቤት ስትወጪ አይቼሻለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ እማማ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

ከዚያ ስለ ሥራችን ተነጋገርን። መርዶውን ያመጣሁት እኔ ብሆን የበለጠ ይታመናል አለች። የምለውም፣ አብረን ጨው ልናመጣ ወርደን ነበር፤ ንዳድ ያዘው፤ እዚያው ቀበርነው። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደጅ ወጣሁና ጮህኩ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ሰው ሲያለቅስልኝ እያየሁ፣ እኔ ዓይኔ ደርቆ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። የሚመጣልኝ እንባ አልነበረም፤ ጣሊያን ሰላይ እንደሚልክ ስለማውቅ ፍርሃት ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

በለቅሶው መካከል የባሌ እናት ክንዴን ይዛ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «ሲሄድ ዞር ብሎ አየሽ?» አለችኝ።

አላየኝም። ግመሎቹ ከዛፎቹ ኋላ እስኪጠፉ ቆሜ ጠብቄአለሁ፤ አንድ ጊዜም ዞር አላለም። እርምጃው ፈጣን ነበር፤ ከምሽጉ ከተመለሰ ወዲህ እንደዚያ ቀለል ብሎት ሲራመድ አይቼው አላውቅም።

«ሦስት ጊዜ» አልኳት።

ክንዴን ለቀቀችኝና ደረቷን እየመታች ልጇን ጠራች። ያን ጊዜ የእኔም እንባ መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ መሬት ላይ ወደቅሁ፤ ሁለት ሴቶች ይዘው በቃሽ ቢሉኝ አልሰማም አልኩ። የምሽጉ አስተርጓሚ ለማጣራት መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ትንሽ አየኝና፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ከምሽጉ የጠራን የለም።