ያት

አባባን ሰፈሩ «ሜትር» ይለዋል። የሰው ትከሻ ስንት እንደሚሰፋ በዓይኑ ብቻ የሚለካ ልብስ ሰፊ ነው። አፉ ደግሞ ከመቀሱ ይብሳል። ደንበኛ «ሱሪው ጠበበኝ» ብሎ ሲመጣ፣ «እሱማ እንዳለ ነው፣ የሰፋኸው አንተ ነህ» ይለዋል። ይህን ሁሉ ቀልድ የሚቀልደው ግቢያችን ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር፣ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ነበር።

ቀልዱ ታዲያ በእኛ ቋንቋ ነው። እሱ አፉን የፈታበት ሺሉክኛ ነው፤ በጎረምሳነቱ ወደዚህ ከተማ ሲመጣ አብሮት መጥቶ፣ የሚያዋራው ሲያጣ ዝም አለ። «ከማን ጋር ላውራው፣ ከመኪናው ጋር?» ይል ነበር። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ኖራ አንዲት ቃል አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ሰነፈ። አፉ ሲመለስለትም የእኛን ቋንቋ ትቶ የልጅነቱን ብቻ ይዞ መጣ። የምንለውም የሚገባው አልመሰለንም። እማዬን አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ ናፈቃት።

ቤት እየመጣች እጅና እግሩን የምታንቀሳቅሰው ነርስ ተስፋ ሆነችን። ሲስተር አፏን የፈታችው በአቾሊኛ ነው። «ዘመዳሞች ነን እኮ» አለችን፤ አንሶላው ላይ በጣቷ ወንዝ ሠራች። «የሉዎ ቋንቋዎች ሁለት ወገን ናቸው። የሰሜኖቹ እዚህ ላይ፣ በነጭ አባይ በኩል ናቸው፤ የአባባ ሺሉክኛ፣ አኝዋክኛ። እኛ ወደ ደቡብ ነን፤ አቾሊኛ፣ ላንጎኛ፣ አሉርኛ፣ እያለ ትልቁ ሐይቅ ዳር ዶሉዎ እስከሚባለው ቋንቋ ድረስ ይወርዳል።»

«ታዲያ ትግባባላችሁ?» አልኳት።

«ውሃ ሲል እሰማዋለሁ፣ ዓይን ሲል እሰማዋለሁ። ወሬው ሲረዝም ጭልጥ ብሎ ይጠፋብኛል።»

ወንድሜ ለአባባ ደረጃ የሌለው ክፍል ሊሠራለት አሰበ። አናጢውን አምጥቶ እዚያው ፊቱ ቆመው ተማከሩ፤ ቦታ እንዲገኝ ዛፉ ይቆረጥ ተባለ። በማግስቱ አባባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አንድ ቃል ያዘ። ጠዋት «ያት»፣ ከሰዓት «ያት»።

እማዬ «የት» የሚል መሰላት። እኔም እንደሷ ነው የሰማሁት። «እዚሁ ነኝ፣ ወዴት እሄድብሃለሁ?» እያለች ብርድ ልብሱን ታስተካክልለታለች። ሲስተርን ስንጠይቃት ግን ፊቷ በራ። «በኛ መድኃኒት ማለት ነው!» አለች። እኛም ደስ ብሎን ኪኒኑን ከነውሃው አቀረብንለት። ተፋው። ደግመን ስናቀርብለት በደህናው እጁ ገፍትሮ ጣቱን ወደ መስኮቱ ቀሰረ። «አየር ፈልጎ ነው» ብለን መስኮቱን ከፈትንለት።

በነጋታው ጠዋት በተከፈተው መስኮት የመጋዝ ድምፅ ገባ። አባባ «ያት፣ ያት» እያለ ጮኸ፤ እማዬ «እዚሁ ነኝ» እያለች አቀፈችው። ዛፉን የቆረጡት ሠራተኞች ግንዱን ተሸክመው እስኪወጡ ድረስ እንዲያ ሆኑ።

ከሰዓት ሲስተር መጣች። ግቢውን አልፋ ስትገባ ጉቶውን አየችው። ቦርሳዋን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ያው ቃል ዛፍም ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «በኛም። ኪኒን ኪኒን ስል እንዴት አልመጣልኝም?»

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለአባቱ ብሎ ያደረገው ነው። ከዚያ ዞረና አባባን እንደ ሕፃን ታቅፎ አወጣው፤ የስፌት መኪናው ይቆምበት ከነበረው ቦታ፣ ጉቶው አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠው። አባባ ገና ያልደረቀውን እንጨት በግራ እጁ ዳበሰው።

«ያት» አለ።

እማዬ ይህን ጊዜ «እዚሁ ነኝ» አላለችም። አጠገቡ ተንበርክካ እጇን እጁ ላይ አደረገች።

«ያት» አለች እሷም።

አባባ ቀና ብሎ አያት።