ቤንዚን የሚጠጣው ከሰል

ጋራዥ የገባሁ ዕለት የሰጡኝ መጥረጊያ ነው። እስራኤል አገር፣ ቤር ሼቫ ከተማ፣ የፋብሪካዎቹ ሰፈር። አለቃዬ ኒሲም ስሜን ጠየቀኝ፤ ሲከብደው "በቃ፣ ሞሼ ነህ" አለ። ሞሼ አይደለሁም፣ ፈንታሁን ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። የሚቸኩል አያንብበው።

ከመጥረጊያ ወደ ጎማ፣ ከጎማ ወደ ዘይት፣ ከዘይት ወደ ሞተር ለመድረስ ዓመታት ፈጀብኝ። ከእኔ በኋላ የመጡት ቀድመውኝ መፍቻ ያዙ። አልረሳሁትም።

የአሜሪካ መኪና የሚወድ ሠራተኛ አልነበረም፤ በተለይ አየር እንዳይበክሉ ተብሎ ቱቦ የተተበተበባቸውን። ኮፈኑን ስትከፍት ካርቡራተሩ አይታይም፤ የጎማ ቱቦ ብቻ ነው፣ እንደ በግ አንጀት። የኒሲም ትእዛዝ አጭር ነበር። "ንቀል፣ ድፈን፣ ጣል።" እንነቅላለን፣ በብሎን እንደፍናለን፣ እንጥላለን።

አንድ ቀን አባባ ታገለ መጡ። ሽኩና ዳሌት የሚባለው ሰፈር ሰው ናቸው። ጎንደር ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እዚህ በአሮጌ የአሜሪካ ፒካፕ የለቅሶ ወንበርና ድንኳን ከከተማ ከተማ ያመላልሳሉ። ፒካፗ ዓመታዊውን የመኪና ምርመራ፣ ቴስት የሚሉትን፣ ወድቃለች፤ ጭሷ በዝቷል። መርማሪው ደግሞ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ዕቃ አንድም እንዳይጎድል ብሏል።

"ደግማ ከወደቀች ከመንገድ ትወጣለች" አሉኝ። "እኔም ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ።"

ስለዚህ መድፈን አይቻልም። ቱቦዎቹን በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ከቤንዚን ታንኩ የመጣው ራዲያተሩ አጠገብ ያለ ጥቁር ጣሳ ውስጥ ገባ። ከፈትኩት። ከሰል ነው። በቤንዚን ርሷል።

ኒሲምን ጠራሁት። "ታንክ ውስጥ ቤንዚን ይተናል" አለ። "ትነቱን ከሰሉ ይይዘዋል፤ መኪናው ሲሄድ ሞተሩ መልሶ ይስበዋል። ሽማግሌው ታንኩን እስከ አፉ እየሞላ ከሰሉን አሰጠመው። አሁን ሞተሩ ቤንዚኑን ራሱን ይስባል፤ ጭሱ የበዛው ለዚያ ነው። ጣሳው ደግሞ በአገሩ አይገኝም።"

አባባ ታገለ ዕብራይስጡን ስተረጉምላቸው ሳቁ። "የጠፋው ከሰል ነው? ለእኔ?"

ጣሳውን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ የማንጋል ከሰል፣ ያንን ሥጋ የሚጠበስበትን፣ ፈጭተው፣ ነፍተው፣ ሞልተው አመጡ። ገጠምኩት። ፀሐዩ ሲበረታ ግቢው በሙሉ ቤንዚን ሸተተ።

"አባባ" አለ ኒሲም አፍንጫውን ይዞ፤ ቃሉን ከእኔ ነው የለመደው። "ይህ ሥጋ ይጠብሳል እንጂ ቤንዚን አይዝም።"

"ከሰል ከሰል ነው በለው። አባቴ ማረሻ ሠርቶበታል።"

ኒሲም ወደ ቢሮው ገባ። እዚያ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ያረባል። ውሃውን የሚያጠራበትን ጥቁር ፍርፍር ከነከረጢቱ ይዞ ወጣ።

"ይህም ከሰል ነው፤ ቆሻሻና ሽታ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ" አለ። "ዓሦቼ ከሞቱ ለቅሶው እናንተ ቤት ነው።"

ተረጎምኩ። አባባ ታገለ ፊታቸውን ሳይፈቱ "ወንበሩን እኔ አመጣለሁ በለው" አሉ።

ሁለቱን ከሰል በየብርጭቆው አድርገን ቤንዚን ጠብ አደረግንበትና ከደንን። ምሳ በልተን ከፈትን። የማንጋሉ አፍንጫ ይመታል። የዓሣው ምንም አይሸትም። አባባ ታገለ ደግመው አሸተቱ። አንዷን ፍሬ መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧት።

"ዕድሜዬን ሙሉ ከሰል አነደድኩ" አሉ። "እንደሚጠጣ አላውቅም ነበር።"

እኔም የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። በአገር ቤት በእሳትና በከሰል ስለምንሠራ ጎረቤት ቡዳ ብሎ ሸሽቶናል። ያንኑ ከሰል ሌላ ሰው አስቦበት፣ ዓይን የማያየውን ትነት እንዲይዝ፣ ሲጠየቅም እንዲመልስ አድርጎ ጣሳ ውስጥ አስቀምጦታል።

ጣሳውን በኒሲም ከሰል ሞልቼ ገጠምኩ፤ ቴስት አብረን ሄድን። መርማሪው መለኪያውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ሲከት አባባ ታገለ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ እንደ በሽተኛ ግንባር አሳርፈው ቆሙ። መርማሪው ቁጥሩን አየ፣ ጣሳውን አየ።

"አለፈች" አለ።

በማግስቱ ወንበር ጭነው አሽቀሎን ለቅሶ ሄዱ። እኔም ከዚያ በኋላ ኒሲም ቢጮህም ዝም ብዬ አልነቀልኩም። ለምትሠሩ የምለው ይህን ነው፤ ሥራውን የማታውቁትን ዕቃ አውጥታችሁ አትጣሉ።