በራጅ ላይ ጥቁር የወጣው ሲሚንቶ

በዚያ ቀን በሰበታው የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ረድኤት፣ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሰናይት፣ የልጄን ጥርስ የሞላላት ወጣቱ ባለሙያ ጫላ፣ እና ከበሩ አጠገብ ጉንጫቸውን ይዘው ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ግንበኛው ኦቦ ለማ ነን። ሌላ ሰው አልነበረም። ከእነዚህ ሰዎች መካከል እውነቱን የምናውቀው እኔ፣ ጫላና ልጄ ነበርን። የዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ ለንስሐ በቀረብኩ ቁጥር የተቆጣሁትን፣ ሰው ያማሁትን፣ ጾም የሻርኩትን እዘረዝርና ይህቺን አልፋታለሁ። ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

እስከ አምስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ዓለም ገና መንገድ ዳር የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። የሚያውቁኝ ሁሉ ስለ እኔ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ጠንቃቃ እናት ናት ይላሉ። ውሃ ሳላፈላ አላጠጣም። ልጄ አስፋልት ስትሻገር በሁለት እጄ ነው የምይዛት። ሲያስላት ተኝታም ቢሆን ደረቷን እየዳበስኩ አዳምጣለሁ። ይህ ስም ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ ውሸቱ የመጣው ከዚሁ ስም ስለሆነ ነው።

ረድኤት የኋላ ጥርሷን ሲያማት ያከማት ጫላ ነው። ዶክተር ብዬ ስጠራው «ዶክተሯ ውስጥ ናቸው፣ እኔ ጫላ ነኝ» ይለኛል። እኔን በኦሮምኛ አክብሮ አዴ ብርቄ ይለኛል። ከራጁ ማሽን አጠገብ አንድ ትሪ ነበረው። ትሪው ላይ እንደ ክኒን የተድበለበሉ ትንንሽ ሲሚንቶዎች ተደርድረዋል። ጥርስ ከመሞላቱ በፊት ከስር የሚደረገውን ነው ሲሚንቶ የሚሉት። ከጎናቸው የአሮጌ ድስት ክዳን ቆርጦ፣ እንደ ደረጃ ደራርቦ የሠራው፣ የሲሚንቶውን ንጣት በራጅ ላይ የሚያመሳክርበት የአሉሚኒየም ቁራጭ አለ።

«አሁን ለማወዳደሪያ የቸገረኝ የልጅ ጥርስ ነው» አለ፣ ወደ ረድኤት እያየ።

ረድኤት በዚያ ሳምንት የፊት ጥርሷ ወልቆ በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ይዛዋለች። «ጣራ ላይ ነው የምወረውረው» አለችው።

«ለእኔ ብትሰጪኝ ፎቶውን እሰጥሻለሁ።»

«የጥርስ ፎቶ ምን ያደርግልኛል?»

«ጣራውስ ምን ያደርግልሻል?»

ሳቀችና ሰጠችው። ጥርሱን ከሲሚንቶዎቹና ከብረቱ ጋር አስተኝቶ ራጅ አነሳና ኮምፒዩተሩ ላይ አሳየን። የብረቱ ደረጃ ከስሱ ወደ ወፍራሙ እየነጣ ይሄዳል። ጥርሱ መሃል ላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ከሲሚንቶዎቹ አንዱ እንደ ኖራ ነጥቷል። አንዱ ከጥርሱ ጋር እኩል ነው። አንዱ ግን የለም፤ ቦታው ጨልሟል።

«ይኼኛው የት ሄደ?» አልኩት።

«አለ፣ ያውና ትሪው ላይ። በዓይን ይታያል፣ በራጅ ግን አይታይም። የተበላ ጥርስም በራጅ ላይ እንደዚሁ ጥቁር ነው። የማያውቅ ሰው ይህን ሲሚንቶ ጥርስ ውስጥ ቢያይ፣ ብስባሽ ነው ይላል።»

በደንብ ገባኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ገብቶኛል። ሲሚንቶው በራጅ እንዲታይ ከአንዲት ቆርቆሮ ውስጥ ነጭ ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ እየቀላቀለ እንደሚሞክርም ነገረኝ። ዱቄቱ ሲያንስ አይታይም። ሲበዛ ደግሞ ሲሚንቶው ይፈረፈራል፤ አንዱን በጥፍሩ ጫን ብሎ አሳየኝ፣ ተፈረፈረ። «ልኩን ሳላገኝ ሰው አፍ ውስጥ አላስገባውም» አለ። እሱም ጠንቃቃ ነበር፤ ያኔ እንደ ራሴ ያለ ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኛል።

የረድኤትን ጥርስ የሞላው ቁም ሳጥኑ ውስጥ በነበረው ሲሚንቶ ነው፤ ያ በራጅ የማይታየው ነበር። በራጅ የሚታየውን እንዲያስመጡለት ዶክተር ሰናይትን ደጋግሞ ጠይቋቸው ገና ነበር። ሲጨርስ ሁለት ነገር አደራ አለኝ። ሌላ ቦታ ራጅ ቢያስነሷት ከስር እንዲህ ያለ ሲሚንቶ አለ ብለው ይንገሩ፤ ደግሞ ሐሙስ መልሰው ያምጧት፣ ሙሌቱ ከፍ ካለ ስታኝክ ያማታል፣ ዝቅ አደርግላታለሁ። ደግመው ይንገሩኝ አለኝ። ደገምኩለት። ረድኤት አፏ በጥጥ እንደተሞላ እያየችን ነበር።

ሐሙስ አልወሰድኳትም። የበዓል ሰሞን ነበር፣ ልብስ ይሸጣል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል አልኩ። በሚቀጥለውም ሳምንት አልወሰድኳትም። ልጅቷ ስታኝክ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ወደ ጫላ መሄድ ሲገባኝ ቡራዩ እህቴ ዘንድ ይዣት ሄድኩ፤ እህቴ እዚያ ጥሩ ሐኪም አለ ትለኝ ነበር። ለምን ቡራዩ ሄድኩ? ጫላ ሐሙስ የት ነበሩ ብሎ እንዳይጠይቀኝ ነው። ያኔ ይህን ለራሴም አልነገርኩትም።

የቡራዩው ሐኪም ራጅ አነሳና ከሙሌቱ ስር ያለውን ጥቁር በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየኝ። «የተበላውን ሳያጸዱ ነው የዘጉባት። ከስር ምን እንዳደረጉ ነግረውሻል?»

የጫላ ቃል እንዳለ መጣልኝ። አፌ ውስጥ ነበር። ብናገር ግን ሌላስ ምን አለሽ ይለኛል። ሐሙስ አምጪያት ብሎኝ ነበር ልል ነው። ያን ጊዜ ልጄን ያሳመመቻት ማን ትሆናለች? እኔ ነኛ። ያቺ ጠንቃቃ የምትባለው። እህቴ አጠገቤ ቆማለች።

አልነገሩኝም አልኩ።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር። ጥርሱን ከመክፈቴ በፊት ሰበታ ሄደሽ ጠይቂያቸው ብሎ ራጁን አትሞ ሰጠኝ። አሁንም መመለሻ በር ተከፍቶልኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ግን መንገዱን በሙሉ የተጠቀምኩበት ለመቆጣት ነው። ጥርሴን ነክሼ ተበደልኩ እያልኩ ደረስኩ። ሰው የራሱን ጥፋት ይዞ ሌላው ላይ ከልቡ መቆጣት ይችላል? እኔ ችያለሁ።

ስንገባ ኦቦ ለማ ሲሚንቶ የሚለውን ቃል ሰምተው ይቀልዱ ነበር። «እኔ በግንብ አርጅቻለሁ፤ ለመሆኑ አሸዋው ስንት እጅ ነው?» ጫላ እየሳቀ «የእርስዎ ጥርስ ጠጠርም ይፈልጋል» አላቸው። ራጁን ለዶክተር ሰናይት ሰጠኋቸው። ሳቁ ቆመ።

«ጫላ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሲሚንቶው ነው። ለአዴ ብርቄ ነግሬያቸዋለሁ።»

ዶክተር ሰናይት ወደ እኔ ዞሩ። «ነግሮሻል?»

«እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ ዶክተር። ስለ ሲሚንቶ ምን አውቃለሁ? ምንም አልነገረኝም።»

በሕይወቴ አለመማሬ የጠቀመኝ በዚያ ቀን ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ የማፍርበትን ነገር እንደ ነጠላ ተከናነብኩት። ማን ይጠራጠራል? አምስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ራጅ ላይ የሚታይና የማይታይ ሲሚንቶ ለይታ ታውቃለች ብሎ ማን ያስባል?

«ከዚያ ከምትቀላቅለው ዱቄት ልጅቷ ላይ ሞክረሃል?» አሉት ዶክተሯ።

«አልሞከርኩም። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ነው ያደረግኩት።»

«ታዲያ ይህቺ እናት ለምን ትዋሻለች?»

እሱ ለምን እንደምዋሽ ከየት ያውቃል? ኦቦ ለማ ከበሩ አጠገብ በሐዘን ድምፅ «ኢልማ ኮ፣ የእኔ ልጅ፣ ለእናት እንዲህ ያለ ነገር አይደበቅም» አሉት። እንደ አባት ነበር የተናገሩት። ጫላ ግን እኔን ነበር የሚያየው። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። አልተቆጣም፤ ረስቼ እንደሆነ ሊያስታውሰኝ የፈለገ ነው የሚመስለው።

«አዴ ብርቄ፣ እኮ ደግመውልኝ ነበር» አለ በቀስታ።

«አላስታውስም» አልኩ።

የረድኤት እጅ እጄ ውስጥ ነበር። ጨመቅኩት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

በባጃጅ ስንመለስ ግን «እማዬ፣ ነግሮሽ ነበር እኮ። እኔም ሰምቻለሁ» አለችኝ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ዝም በይ አልኳት። እውነት የተናገረችውን ልጄን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስታው አታውቅም። አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ ለእኔ የምትነግረኝ ነገር ጥቂት ነው።

ጫላ በዚያው ሳምንት ተባረረ። ትሪውና የአሉሚኒየም ደረጃው ቆሻሻ ውስጥ እንደተጣሉ ከክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ሰማሁ። ረድኤትን ወደ ቡራዩ መልሼ ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ጥርሱን ከፈተው። ትንሽ ሲቆፍር ቆይቶ እጁን አቆመ። «ይህ ብስባሽ አይደለም። ሲሚንቶ ነው፣ ደግሞ ደህና ነው። ለምን ጥቁር ወጣ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱን የምታውቅ ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። አልተናገርኩም። ደህናውን ሲሚንቶ አንስቶ በራጅ በሚታየው ተካው፤ በአዲሱ ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሙሌቱን ዝቅ አደረገው፣ ልጄም ሕመሙ ለቀቃት። ጫላ እንዳለው ያሳመማት ከፍታው ነበር፤ ሐሙስ ወስጃት ቢሆን ኖሮ በደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። ያ ያለ ምክንያት የተከፈተ፣ ሌላ የማይተካው ጥርስ ግን ግድግዳው ሳስቶ ኋላ ተሰበረና ተነቀለ። ልጄ በአንድ በኩል ነው የምታኝከው።

በዚያ ቀን ከቡራዩ በቀጥታ ሰበታ መሄድ እችል ነበር። እውነቱ በመሣሪያ ተቆፍሮ ወጥቷል፣ መመስከር ብቻ ነበር የቀረኝ። አልሄድኩም። አልነገረኝም ያልኩት አንድ ጊዜ በፍርሃት ነው ብል፣ ከዚያ በኋላ ያለፈውን ዝምታ ሁሉ ምን ልለው ነው?

አምና የራሴን ጥርስ ላስመረምር ዶክተር ሰናይት ዘንድ ሄድኩ። አወቁኝ። አሁን በራጅ የማይታይ ሲሚንቶ ክሊኒካቸው ውስጥ እንደሌለ ነገሩኝ። «ከአንቺ ልጅ ወዲህ ነው የለወጥነው። ያኔ ባትናገሪ ኖሮ እስከ ዛሬም አንለውጠውም ነበር» ብለው አመሰገኑኝ። ያን ሲሚንቶ ለውጡ እያለ ይለምናቸው የነበረው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ምስጋናውን ተቀብዬ ወጣሁ። ያን ምስጋና ከተቀበልኩ በኋላ ነው እንቅልፌ የተበላሸው። ከውሸቱ ይልቅ ምስጋናው ለምን እንደከበደኝ ማስረዳት አልችልም።

ከዚያ ወዲህ ጫላን ፈለግኩት። ሱሉልታ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄጄ ነበር፤ እንዲህ ያለ ልጅ ነበር፣ ለቋል አለኝ ዘበኛው። ተፍኪ አይተነዋል ያሉኝም ነበሩ፤ እዚያም የለም። ኦቦ ለማን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጠየቅኳቸው፤ ሙያውን ትቶታል ሲሉ ሰምቻለሁ አሉኝ፣ ማን እንዳለ ግን አያስታውሱም። እውነቱን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ መስማት ያለበት እሱ ነው።

ይቅርታ እንዲያደርግልኝ በእናንተ በኩል አልለምንም፤ ያን ፊት ለፊት ቆሜ የምለው ነው፣ እንቢ ቢለኝም መብቱ ነው። ልጄን ስለምወድ ነው የሚለውንም አልልም፤ በዚያ ቀን ልጄን አልነበረም የጠበቅኩት።

ሰበታ የጥርስ ክሊኒክ ይሠራ የነበረውን ጫላን የምታውቁ ካላችሁ፣ የት እንዳለና አሁንም ጥርስ ያክም እንደሆነ ንገሩኝ።