ጠበል የፈሰሰባት የአባቴ መኪና

ይህ የሆነው ዓምና በታኅሣሥ፣ ላሊበላ ለገና እንግዶቿ ሽር ጉድ በምትልበት ሰሞን ነው። ስሜ ስንዱ ይባላል፤ ሥራዬ የአንድ ሆቴል እንግዶችን ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ ማመላለስ ነው። ነገሩን ሳስታውሰው ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ።

መኪናዋ የአባቴ ናት፤ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። እሱ ሲሞት ወንድሞቼ "ትሸጥ" አሉ። እኔ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና መሪዋን ያዝኩ። "እስቲ እናያለን" አሉኝ። እኛ ዘንድ ሴት ሹፌር ብዙ ስለማይታይ፣ የሚያየኝ ሁሉ የምዋረድበትን ቀን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

ቀኑም መጣ። ከአየር ማረፊያ ስመለስ ዳገቱን አጋምሼ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የሚያስገነጥለው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ቁልፉን ባዞር፣ ባዞር እምቢ አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ብሞክረው ምንም እንዳልሆነ ተነሳ። በሳምንቱ እዚያው ቦታ ደገመችኝ።

መካኒኩ አበጀ ዘንድ ወሰድኳት። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ቀየረ፣ ካርቡራተሩን አጠበ፣ አስነስቶ አዳመጠ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሕመሙ እንደሚጠፋ ጥርስ፣ ጋራዥ ስትገባ ጤነኛ ሆነች።

"እሷስ ምንም የለባት" አለኝ። "አነዳድሽ ነው ስንዱ። ዳገት አትችይበትም።"

እኔ እኮ መንዳት የተማርኩት እዚያው ዳገት ላይ ነው!

ከተማው ደግሞ የራሱን ምክንያት አገኘ። "ነአኩቶ ለአብን ሳትሳለም እያለፈች ነው" ተባለ። ውሸት ነው። እንግዳ ይዤ መኪና አላቆምም እንጂ፣ ሳላማትብ አልፌ አላውቅም። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ምስጋናውም ጠሩኝና "አንድ ጊዜ ብትቆም ለገና ሌላ ሹፌር ነው የምይዘው" አሉኝ። ሌላው ሹፌር የእህታቸው ልጅ መሆኑን አገር ያውቃል። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አልኩ በሆዴ። የገናው ሥራ ከእጄ ከወጣ ወንድሞቼ መኪናዋን እንደሚሸጧት አልጠራጠርም ነበር።

በማግስቱ ለበዓሉ የመጡ አንዲት ባልቴትን ከነልጃቸው ጭኜ ስመለስ፣ እዚያችው መታጠፊያ ላይ ቀጥ አለች። ማልቀስ አማረኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ቆሜ ሳለሁ፣ የነአኩቶ ለአቡ መምሬ ወንድይራድ ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ብቅ አሉ። ባልቴቷ ዘለው ወረዱ።

"አባቴ፣ ይችን መኪና ይርጩልን! የሆነ ነገር ይዟታል!"

"እናቴ፣ ይኸ እኮ ለታመመች ሴት የማደርሰው ጠበል ነው" አሉ መምሬ። ባልቴቷ ግን እግራቸው ላይ ወደቁ። መምሬ ጨነቃቸው፤ በመጨረሻ ጀሪካኑን ከፍተው ሞተሩ ላይ አንቆረቆሩት። እንፋሎቱ ቡን አለ። ጥቂት ጠብቄ ቁልፉን ሳዞር ተነሳች። ባልቴቷ እልልታቸውን አቀለጡት፤ እኔም አማተብኩ።

ግን መንገዱን ሁሉ አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም። እሷን ያስነሳት ጠበሉ ከሆነ፣ ሐሜቱ እውነት፣ ጥፋቱም የእኔ ነበር ማለት ነው። ሆቴል እንደደረስን ባልቴቷ ተአምሩን ለሁሉም አወሩ። አቶ ምስጋናው "እንግዳዬን በጠበል አላመላልስም፤ ጨርሰናል" አሉኝ።

"ሦስት ቀን ይስጡኝ" አልኳቸው።

"ሠላሳ ውሰጂ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ንዴቱ አእምሮዬን ከፈተልኝ መሰለኝ፣ ውኃው የት የት እንደፈሰሰ አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመርኩ። አብዛኛው ያረፈው ቦቢናው ላይ ነበር፤ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ጥቁር ቆርቆሮ ላይ። ያስነሳት ቅዝቃዜው ቢሆንስ? በማግስቱ አንድ ጀሪካን የቧንቧ ውኃ ጭኜ፣ ተሳፋሪ ሳልይዝ ወደ አየር ማረፊያው ወርጄ ተመለስኩ። መታጠፊያው ላይ ስትጠፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።

መምሬ በዚያው ሲያልፉ አገኘኋቸውና መስቀል ተሳልሜ እንዲያግዙኝ ለመንኳቸው። ጥምጣማቸውን አስተካክለው መሪው ጋ ተቀመጡ። እኔ አንዱን ካንዴላ ፈትቼ፣ ከገመዱ ጋር አያይዤ ብረቱ ላይ አስጠጋሁት።

"ያዙሩት አባቴ!"

አዞሩት። እሳት የለም። ጨርቅ በውኃ ነክሬ፣ ጨምቄ ቦቢናው ላይ ጠቀለልኩ። ትንሽ ጠብቀን ደግመው ሲያዞሩት ካንዴላው ላይ ሰማያዊ እሳት ጠሽ ጠሽ አለ።

"መጣች?" አሉ ከውስጥ።

"መጣች አባቴ!" ብዬ እልል አልኩ። ከዚያ ፈራሁ። "ዛሬ የያዝኩት የቧንቧ ውኃ ነው። ጠበሉን የተፈታተንኩ ይሆን?"

"አይ አንች ልጅ" ብለው ሳቁ። "ጠበሉን የቀዳሁት ለሰው ነው፤ ለብረትማ የቧንቧው ይበቃዋል። ይልቅ ትናንት አስደፍታችሁኝ፣ ዳግመኛ ዋሻ ድረስ ወጣሁ።"

አፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ምስጋናውን ለምኜ አበጀ ጋራዥ አመጣኋቸው። ያልሞቀችውን መኪና አስነሳሁ። በማንቆርቆሪያ ካፈላሁት ውኃ ጨርቅ ነክሬ፣ ጨምቄ ቦቢናው ላይ ጠቀለልኩ፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ደጋገምኩት። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ያያል። ሞተሩ ተንተፋተፈና ጸጥ አለ። ሜዳ ላይ! ነአኩቶ ለአብም የለ፣ ዳገትም የለ!

"ቦቢናው ነው፤ ሲሞቅ እሳት ያቋርጣል" አለ አበጀ።

"አነዳዴ አይደለማ?"

መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። እኔም ንቅንቅ አላልኩም።

"አይደለም" አለ መጨረሻ ላይ።

"ጮክ በል፤ አቶ ምስጋናው አልሰሙም።"

ጮክ አለ። አዲሱ ቦቢና ከወልድያ በአውቶቡስ መጣልኝ፤ ገናን ከዳር እስከ ዳር ሠራሁ፤ ወንድሞቼም "ትሸጥ" ማለት ተዉ።

አሁን እዚያ መታጠፊያ ላይ፣ ባዶዬን ስሆን መኪናዬን ራሴ አቆማለሁ። መምሬን ከነጀሪካናቸው ጭኜ በሽተኞቻቸው ደጅ አደርሳቸዋለሁ፤ ያስደፋኋቸው ጠበል ዕዳ አለብኝ። ያየ ሁሉ "ስንዱ ንስሐ ገባች" ይላል። ይበል።

አሮጌውን ቦቢና አልጣልኩትም፤ ከፊት ለፊቴ አስቀምጬዋለሁ። ሴት መንዳት አትችልም የሚል ተሳፋሪ ሲገጥመኝ አልከራከርም። አነሳና "ጥፋተኛው ይኸ ነበር" ብዬ እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ከባድ ነው፤ ከተማ እስክንገባ ይይዝልኛል።