የአስማማው ሚኒባስና የደምሌ መዳፍ

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ መቀመጥ ነበር። ደብረ ታቦር መናኸሪያ ጀርባ የመኪና ወንበር የሚያለብሱት አያ እንድሪስ መርፌም መቀስም አላስጨበጡኝም። የአንድ እህል ነጋዴ መኪና ኋላ ወንበር ላይ አስገቡኝና፣ «አፍህን ዝጋ። ድምፅ በሰማህ ቁጥር የመጣበትን በጣትህ ጠቁም» አሉኝ። ነጋዴው ነዳ፣ እኔ ጠቆምኩ። ስንመለስ ጣቴ ያልደረሰበት ቦታ አልነበረም።

«ምን ሰማህ?» አሉኝ።

«ሁሉንም፣ አያ።»

«እንግዲያው ምንም አልሰማህም» ብለው መልሰው አስገቡኝ።

የዚያን ቀን ደመወዜ ምሳ ነው። ተቀምጨ ስለዋልኩ እሱም በዝቶብሃል ብለውኛል።

ከዚያ በፊት በረንዳ ላይ የስፖንጅ ቁርጥራጭና የፕላስቲክ ምንጣፍ እሸጥ ነበር። ትምህርቴ አስፋልት ላይ ነው፤ መምህሮቼ ዋጋ የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው። አያ እንድሪስ የቀጠሩኝም ለሙያዬ ሳይሆን ስፖንጁን በቅናሽ ስለማመጣላቸው ይመስለኛል። ጠይቄያቸው አላውቅም። ለሁለታችንም የሚጠቅም ነገር አይጠየቅም።

አንድ ቁም ነገር ግን አስተምረውኛል። የመኪና ጩኸት አንድ ዓይነት አይደለም። የላሜራ ጩኸት አለ፤ ቀጭን ብረት ከታች ሲመታ እንደ ድስት ይጮኻል፣ ከባድ ነገር ስትለጥፍበት ዝም ይላል። የንፋስ ጩኸት አለ፤ በተበላ የበር ጎማ ሾልኮ ያፏጫል፣ ቀዳዳውን ስትደፍነው ያበቃል። ደግሞ ከገባ በኋላ ውስጥ የሚዞር አለ፤ ባዶ ቤት ውስጥ ስትናገር ድምፅህ እንደሚመለስልህ ማለት ነው፣ ለሱ ለስላሳ ነገር ያስፈልጋል። እነዚህን ሳይለዩ ሁሉንም ቦታ በስፖንጅ የሚጠቀጥቁ አሉ። ስፖንጅ ሻጭ ስለነበርኩ ተቃውሜያቸው አላውቅም።

አዲስ አበባ ለዚሁ ተብሎ ከውጭ የሚመጣ የሚለጠፍ ነገር አለ። ሄጄ አይቸዋለሁ። ዋጋውን ስጠይቅ ሻጩ ጫማዬን አየና ቀስ ብሎ ነገረኝ፣ እንደ መርዶ።

እኛ ዘንድ ከመነዳሪ አለ፣ ጎማ ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ። የከባድ መኪና ከመነዳሪ ተቀዶ ጎሚስታው በር ላይ ይጣላል፤ ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ በማስቲሽ ላሜራ ላይ ሲለጠፍ ብረቱን ያከብደዋል። ካትራሜም ሞክረናል፣ ያንን ለጣሪያ የሚቀባ ጥቁር ዝፍት። ደብረ ታቦር ብርድ ላይ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል። መኪናው ወደ ወረታና ወደ ይፋግ ሙቀት ሲወርድ ግን ይለሰልሳል። አንዲት እናት ጫማቸው ወለሉ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ይፋግ ገበያ በአንድ እግር ጫማ ከወረዱ ወዲህ ካትራሜን ትተነዋል።

ባናም አለ፣ ደጋው ላይ ከበግ ፀጉር የሚሸመነው ወፍራም ልብስ። ያረጀውን ከገበያ እንገዛና በእንዶድ እናጥበዋለን። ሳይታጠብ ከገባ ክረምት ላይ መኪናው በረት በረት ይሸታል፣ ተሳፋሪውም ወንበር ሥር በግ መፈለግ ይጀምራል።

አያ እንድሪስ ሲደክማቸው ሱቁን ለኔ ለቀቁልኝ። አሁን የማወራው ከዚያ በኋላ ስለመጣ አንድ ሥራ ነው።

አስማማው የአንበሳሜ መስመር ሹፌር ነው። ሚኒባሷ የራሱ ናት፤ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። አንድ ጧት ሱቄ በር ላይ መጥቶ፣ «እንዴት አደርህ፣ ሰይድ!» ብሎ ጮኸ። አጠገቤ ቆሞ ነው።

«ኧረ እሰማለሁ» አልኩት።

«ምን?»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ተቀመጠና ነገሩን ዘረዘረው። ጆሮው ውስጥ ሌት ተቀን የሚጮኽ ነገር አለ። ባሕር ዳር ሄዶ የጆሮ ሐኪም አይቶታል። ሐኪሙ፣ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብቅ። ወይ መኪናዋን ተዋት፣ ወይ ጩኸቷን ቀንስ» ብሎታል። ይህ ሳያንስ ተሳፋሪ «ወራጅ!» ሲል ስለማይሰማ እያለፈ ሄዷል። ክርስትና ሊያነሱ የሚሄዱ ቄስ ሁለት መንደር አሳልፎ አውርዷቸው፣ ሕፃኑ ሲጠብቃቸው ውሏል። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ አቶ ታዴ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ አንድ ክስ ቢመጣ ከተራ አስወጣሃለሁ ብሎታል። ከተራ የወጣ መኪና ተሳፋሪ አይጭንም።

«ደንቆሮው ይሉኛል አሉ» አለኝ። «ለኔ ግን አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

«ምን?»

«ምንም። ለሥራው ምን ይዘሃል?»

«ብዙ ብይዝ ሌላ መኪና እገዛ ነበር፤ አንተ ጋ ምን አመጣኝ?»

እውነቱን ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ጮክ ብሎ፣ «ደግሞ ግማሹን ሥራ እኔው ሠርቸልሃለሁ» አለኝ። ፈራሁ። ደንበኛ ግማሹን ሠርቸዋለሁ ሲል ሥራው እጥፍ ሆኗል ማለት ነው።

የጎን በሩን መሸፈኛ በካቻቪቴ ፈታሁት። ውስጡ ከላይ እስከ ታች የጤፍ ጭድ ተጠቅጥቆበታል።

«የአባቴ ቤት ግድግዳ ጭቃና ጭድ ነው» አለኝ፣ ኮራ ብሎ። «ውጭ በረዶ ቢወርድ ውስጥ አይሰማም።»

«የአባትህ ቤት አንበሳሜ ደርሶ ይመለሳል?»

ሳይመልስልኝ ከጭዱ መሀል አይጥ ብቅ አለች። አየችንና እንደማትፈልገን ሁሉ ተመልሳ ገባች። ልጆችም ነበሯት።

«እነዚህ ሂሳብ ይከፍላሉ?» አልኩት።

ረዳቱ ደምሌ ራሱን ያዘ። ደምሌ በዕድሜ ከአስማማው ይበልጣል፤ ረዳት ከመሆኑ በፊት እህል ተሸካሚ ነበር፣ መዳፉ አካፋ ያክላል። «እኔኮ ድምፁ ተሳፋሪ በቅርጫት የያዘው ጫጩት መስሎኝ ነው» አለ። «ስንት ሰው ጫጩትህን አስከፍልሃለሁ እያልኩ ተጣልቻለሁ መሰለህ!»

ከአይጧ የባሰው ውኃው ነበር። በመስኮት የሚገባ ዝናብ በበሩ ሆድ ወርዶ ከታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች መውጣት አለበት። ጭዱ ቀዳዳዎቹን ስለደፈናቸው ውኃው ተኝቶ ብረቱን በልቶታል። ትንሽ ቢዘገይ በሩ ከነተደገፈበት ሰው ይወድቅ ነበር።

ጭዱን አወጣን። መጀመሪያ ግን መኪናዋን ብየዳ ቤት ላክኋት፤ የበሩ ሥር መለጠፍ ነበረበት፣ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታም ተቀዶ ነበር። የተቀደደ ማርሚታ ይዞ ወለል ማልበስ ጣሪያው እያፈሰሰ ምንጣፍ መግዛት ነው። ከጩኸቱ ብዙው እዚያው ብየዳ ቤት ቀረ።

ስትመለስ ወንበሮቹን ፈታን። ወለሉን አጥበን፣ አድርቀን፣ ከመነዳሪውን በማስቲሽ ለጠፍን፤ በላዩ ሞኬት አነጠፍን። የነዚህ ሚኒባሶች ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ሹፌሩ ጩኸቱ ላይ ነው የሚቀመጥ። ሞተር አጠገብ ስፖንጅ አይገባም፣ ይቃጠላል። የበግ ፀጉር ግን ቶሎ እሳት አይዘውም፤ ስለዚህ ከሞተሩ መክደኛ በላይ፣ ከሚግለውና ከሚሽከረከረው አርቀን፣ ባናውን ደረብን። በሮቹ ላይ ከመነዳሪ ለጥፈን የውኃውን ቀዳዳዎች ከፍተን ተውናቸው። የተበላውን የበር ጎማ ከአንድ ከቆመ አሮጌ መኪና በቆረጥነው ተካን። ከጣሪያው ልብስ ሥር ባና፣ ከበሩ መሸፈኛ ሥር ባና። የተረፈችውን ቁራጭ ደምሌ ለብርድ ወሰዳት።

ለሙከራ ወጣን። የኔ መለኪያ ቀላል ነው። ከመጨረሻው ወንበር ሆኜ፣ ገበያ ላይ ሌላ ሻጭ እንዳይሰማ ዋጋ በሚነገርበት ድምፅ እናገራለሁ። ሹፌሩ ከመለሰልኝ ሥራው አልቋል።

«አስማማው፣ በግህን ስንት ትላለህ?» አልኩ።

«በግ የለኝም» አለ፣ ሳይዞር።

መናኸሪያው አጠገብ ስንቆም ትንሽ አሰበና ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ክርርር ብላ ጮኸች። ሞተሯ የጠፋ መስሎት በተነሳች መኪና ላይ ማስነሻ እየደገመ ነበር። ደምሌ ከሳቅ ብዛት በሩ ላይ ተንጠለጠለ። አስማማው ግን አልሳቀም። እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ፣ «በማርያም፣ ምን ያህል ጊዜ ነው እንዲህ ስሰቃይ የኖርኩት?» አለ።

ሥራው አልቋል ብየ ተኛሁ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አቶ ታዴ ሱቄ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አስማማው ከኋላው አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰይድ» አለኝ ታዴ፣ «መኪናዋን ዝም አሰኛት አሉህ እንጂ አደንቁራት አሉህ?»

የሆነው እንዲህ ነው። ረዳት በዚህ መስመር በአፉ ብቻ አይሠራም። መኪናው ሞልቶ ሁሉም ሲያወራ፣ ሰው ሊወርድ ሲል በሩን ወይም ጣሪያውን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ላሜራው ይጮኻል፣ ሹፌሩ ያቆማል። አስማማው ደግሞ ጆሮው ከደከመ ወዲህ የሰው ድምፅ መከታተሉን ትቶታል። የሚጠብቀው የደምሌን መዳፍ ብቻ ነበር። በዚያ ቀን ለቅሶ የሚሄዱ እናት «ወራጅ» አሉ፤ ደምሌ በሩን መታ። ድፍ አለ። ደገመው። ድፍ። ጣሪያውን በሁለት እጁ ደለቀው። ትራስ ማራገፍ ሆነ። እናትዬዋ መውረጃቸውን አልፈው ማዶ ወረዱና፣ እያለቀሱ የተመለሱት ለሟቹ ይሁን ለመንገዱ አልታወቀም።

«እጄ የሞተ ነው የመሰለኝ» አለ ደምሌ፣ መዳፉን እያገላበጠ።

ታዴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክስ የሰለቸው ሰው ነው። «ነገ ጧት እኔው ከፊት ወንበር ተቀምጨ አንበሳሜ እሄዳለሁ» አለ። «አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከመውረጃው ቢያልፍ ስንመለስ ተራ የለህም። አንተም ሰይድ ትሄዳለህ። ሥራህን አብረን እንስማው።»

እሱ እንደሄደ በሩን ፈታሁት። ከመስኮቱ በታች፣ የደምሌ እጅ የለመደበትን ቦታ፣ ባናውንም ከመነዳሪውንም አነሳሁና ባዶ ላሜራ አድርጌ ተውኩት።

«ምታ እስቲ፣ አያ ደምሌ» አልኩት።

ሁለት ጊዜ መታ። መንገድ ላይ ያለ ውሻ ተነሥቶ ሄደ።

ጧት ተሳፈርን። ታዴ ከፊት፣ እኔ ከመጨረሻው ወንበር፣ ከጎኔ ጃንጥላ የያዙ አንድ ሽማግሌ። መጀመሪያ የወረዱትን ሁሉ የደምሌ መዳፍ አወረዳቸው።

መሀል መንገድ ላይ ደምሌ ከአንድ ሽንኩርት ነጋዴ ጋር ተያያዘ። ጆንያው መተላለፊያውን ዘግቶ ኖሮ፣ አንዱ አንሣ ሲል ሌላው የት ላድርገው ይላል። ደምሌ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን በሁለት እጁ ያዘ። ያኔ ነው ሽማግሌው ለጃንጥላቸው የሚያወሩ ያህል ቀስ ብለው የተናገሩት።

«ከዛፏ ሥር ብትተወኝ፣ ልጄ።»

ደምሌ አልሰማም። ዛፏ ወዲያ ማዶ እየቀረበች ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ የታዴ ዓይን ከፊት መስታወቱ ውስጥ እኔ ላይ ነበር። አፌን ዘጋሁት። ወላሂ፣ እንዲያ ያለ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም።

መኪናዋ ቀስ አለች። ከዚያ ዛፏ ሥር ቆመች።

ደምሌ ቀና አለና መዳፉን አየ። «እኔ አልመታሁም!» አለ።

«ማን አቁም አለህ?» አለ ታዴ።

«አባባ ናቸው» አለ አስማማው። «ከዛፏ ሥር አሉኮ።»

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ሽማግሌውን አያቸው። «ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ የለም፣ አባባ» አለ ደምሌ። በጆንያው ላይ አሻግሮ ደግፎ አወረዳቸው፤ ጃንጥላቸውን አቀበላቸው። ስንነሳ እጃቸውን አነሡልን። አስማማው በመስታወቱ አያቸውና ክላክስ ነካ አደረገላቸው።

አንበሳሜ ደረስን። ታዴ ሲወርድ በሩን ዘጋ፣ ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ። «ነገ ተራህ ሦስተኛ ነው» አለው። «እንዳታረፍድ።» ጥቂት ሄድ ብሎ ወደኔ ዞረና፣ «የኔዋን መኪና ስንት ትሠራልኛለህ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ መጀመሪያ ለአስማማው፣ ከዚያ ለገበያው።

አስማማው ዛሬም ይነዳል። ጆሮው መጮኹን አልተወም፤ ሐኪሙም ይተዋል አላለውም። ሱቄ ሲመጣ ግን አይጮኽም። እኔው ነኝ አንዳንዴ «ምን?» የምለው። የደምሌ ቦታ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ብረት ሆኗል፤ ሌሎች ረዳቶችም መኪናቸው ሲሠራ ያንን ቦታ ራሳቸው በኖራ አስምረው ይመጣሉ።

መኪና ዝም ልታሰኝ ስትነሳ ካቻቪቴውን ከመያዝህ በፊት ሹፌሩን ምን መስማት እንዳለበት ጠይቀው። እሱን ተውለት። የቀረውን ሸፍን። የበሩን የውኃ ቀዳዳ አትድፈን።